ሁለት መቶ አራት ጥርስ

ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ አስፋልቱን ሲልሰው፣
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር እጠብቃለሁ ሰው።
የሰው አቤቱታ ነው የኔ የዕለት ጉርስ፤
የቀለብ፣ የወሰን፣ የኪራይ፣ የውርስ።
ላፕቶፔ ግን ደክሟል፤
«ከሳሽ» ብዬ ስጽፍ «ከ» ላይ ቆሞ ያስባል፤
ባለጉዳይ ያዛጋል፤
ያቺ ትንሽ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣
እንደ ችሎት ቀጠሮ ማለቂያ የላት።

«ልጄ፣» አሉኝ አንድ ቀን ወይዘሮ ዘምዘም፣
«ማሽንሽም እንደኔ ዳኛ ይፈራል?»
ሳቅሁ። ማታ ግን አልሳቅሁም።
ከዕቁቤ ቆርሼ ፒያሳ ወጣሁና
አዲስ ራም ገዛሁ፣ ስምንት ጊጋ፣ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ።
ሻጩ ልጅ «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ።
መጠርጠር ነበረብኝ፤
ለሁሉም የሚሆን ጫማ አድርጌ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ሆዱን ፈታሁት።
ስምንት ብሎን፣ አንዷ ድሮ የጠፋች፤
አቧራ፣ የሽምብራ ልጣጭ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ጸጉር፣
የሰባት ዓመት የሰው ጠብ ትቢያ።
አሮጌውንና አዲሱን መዳፌ ላይ አስተኛኋቸው፤
መልካቸው ወንድማማች፣ ጥርሳቸው ወርቅ፤
መሀላቸው ላይ የተቀረጸችው ስንጥቅ ብቻ
በአንዱ ወደዚህ፣ በሌላው ወደዚያ፣
የስንዴ ቅንጣት ታህል።
ገፋሁት። አልገባም።
ቀና፣ ዘንበል፣ ገልበጥ አድርጌ ገፋሁት።
በአውራ ጣቴ ልጫነው ስል እጄ ራሱ ፈራ፤
ስንቱ ጋብቻ እንዲህ ተገፍቶ ሲሰበር
የፍቺውን ወረቀት የጻፍሁት እኔው አይደለሁ?

ሰኞ ገበያ፣ ዳገቱ ላይ፣ ይማም አለ፤
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ ጠጋኝ።
አገላበጠውና «ይሄ ዲዲአር አራት ነው» አለ፣
«ሁለት መቶ ስልሳ ጥርስ።
ያንቺ ሽማግሌ ዲዲአር ሦስት፣ ሁለት መቶ አራት።
ቋንቋቸው አይገናኝም።
እንኳንም አልገባልሽ።»
«ታዲያ ይሄን ምን ላድርገው?»
«መልሺው። እምቢ ካሉሽ ጉትቻ ይሁንሽ።»

ከመደርደሪያው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣ።
በዚያ ዓመት፣ ሱቁ የተዘረፈ ጊዜ፣
አዲስ አዲሱ ሁሉ ተጭኖ ሲሄድ፣
ከስክሪን እስከ ቻርጀር፣ እስከሚቀመጥባት ዱካ፣
ቆርቆሮዋን የከፈተ ሁሉ ዓይቶ ጣላት፤
ያረጀ ራም ማን ይሰርቃል?
«ከሸሸሁበት ስመለስ» አለ፣ «ሱቄ ማለት እሷ ነበረች።»

ጣቱን ሰዶ እንደ ጥሬ በተነ።
አንዱ ገባ፤ ከፈትነው፤ ጨለማ፤
ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ምስክር።
«ይሄኛው አንድ ነጥብ አምስት ቮልት ካልጠጣ አይነሳም፤
ያንቺ የሚያጠጣው አንድ ነጥብ ሠላሳ አምስት።
መግጠም ሌላ፣ መስማማት ሌላ። አብሽሪ።»

ሌላው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ «ኮምቦልቻ፣ ሒሳብ ክፍል»።
ጣራ ያፈሰሰበት፣ በክረምት የሞተ ማሽን ነበር፤
ይማም ከሆዱ ያወጣው ይሄንኑ ብቻ።
ቀጭ አለ።
በራ።

«ያ ሒሳብ ሠራተኛ የደመረው ይኖርበታል?» አልሁት፤
«ደመወዙ፣ ትርፍ ሰዓቱ፣ ያልተከፈለ ብድሩ?»
ሳቀ። «ይሄ ጠረጴዛ ነው እንጂ ሳጥን አይደለም።
መብራት ሲሄድ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል።»
በኛ ሰፈር መብራት ስንቴ እንደሚሄድ አሰብሁና
ትንሽ ቀናሁበት።
እኔ የጻፍሁት ክስ ሁሉ ማታ ትራሴ ሥር ያወራል።

በማግስቱ ወይዘሮ ዘምዘም መጡ፣
በወንድማቸው ላይ፣ ስለ አባታቸው ቤት።
«ከሳሽ» ብዬ ጣቴን ሳላነሳ ቃሉ ደረሰ፤
ስማቸው ደረሰ፤ «ተከሳሽ» ደረሰ፤
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች የወንድማቸውን ስም ጠበቀች።
ክቧ የለች። የሚያዛጋ የለ።
ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ፤
«እንዴ፣ ደረሰ? እኔ እኮ ገና አልደረስሁም።»
እጄን ከፊደሉ ላይ አነሳሁ።
ጭጋጉ ከጦሳ ይወርዳል።
ጠረጴዛው ዛሬ ሰፊ ነው፣ ወይዘሮ ዘምዘም፤
ይቀመጡ።